አንዲት ላምና አምስት ሺህ ከብት

ካውቦይን ከመጽሐፍ ያወቅነው ጥቂቶች ነን። አብዛኞቻችን ያገኘነው በልጅነታችን ሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ ነው። ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ፣ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አንጠልጥሎ ወደ አንዲት አቧራማ ከተማ ይገባል፤ መጠጥ ቤት ጎራ ብሎ አንድ መለኪያ ይጨልጣል፤ ሦስት አራት ሰው ይጥላል፤ ከዚያም ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻውን ይሄዳል። እኛም ከፊልሙ ስንወጣ ስለ አተኳኮሱ እያወራን፣ በጣታችን እርስ በርስ እየተታኮስን ወደ ሰፈራችን እንሮጣለን። «ለመሆኑ ሰውዬው ሥራው ምንድን ነው? ከብቶቹስ የት ሄዱ? ደሞዙን የሚከፍለው ማነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

ቃሉ ራሱ መልሱን ይዞ ነበር። ካውቦይ ማለት ባጭሩ ከብት ጠባቂ ማለት ነው። እረኛ! እረኛ ለማየት ትኬት የሚቆርጥ ሰው በኛ አገር የለም። አሜሪካኖቹ ግን እረኛቸውን ጀግና አድርገው ለዓለም ሸጡት፤ ሲሸጡትም ሥራውን እንደ ካፖርት አውልቀው ሽጉጡን ብቻ አስቀሩለት።

በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ሰው ቻርልስ ማሪዮን ራስል ይባላል። ሠዓሊ ነው፤ ከሠዓሊነቱ በፊት ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀጥሮ ከብትና ፈረስ የጠበቀ ሰው ነው። የካውቦዩን ሥራ ከውስጥ አይቶ በቀለም ካስቀሩልን ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው፤ ኋላ ላይ ደግሞ ያንኑ ካውቦይ ወደ ፊልም ጀግናነት ከገፉት አንዱ እሱው ነው። ሁለቱ ነገር በአንድ ሰው እጅ እንዴት ሊገናኝ ቻለ? የምንጠይቀው ይኼንን ነው። የማባዣ መሣሪያችን ሥዕል ስለማያወጣልን ሥዕሎቹን በቃል እንገልጻቸዋለን፤ አንባቢ ይታገሠን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

*

ራስል የድሃ ልጅ አልነበረም። በመጋቢት 19 ቀን 1864 በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ ተወለደ። ቤተሰቡ የጡብ ፋብሪካ ነበረው። የአያቱ ወንድሞች የቤንት ልጆች ደግሞ በምዕራቡ ምድር በፀጉር ንግድ ስመ ጥር የነበሩ ናቸው። ሴንት ሉዊስ ወደ ምዕራብ የሚወጣው ሁሉ የሚነሣባት ከተማ ስለነበረች፣ ልጁ የአዳኝና የነጋዴ ወሬ እየሰማ አደገ። ትምህርት አልሆነለትም። ደብተሩን ሥዕል ይሞላዋል፤ ጭቃ ባገኘ ቁጥር ፈረስና ጎሽ ይሠራል። ወላጆቹ በመጨረሻ «እንግዲያው ሂድና እየው፤ ሲመርህ ትመለሳለህ» በሚል ሐሳብ በ1880 ወደ ሞንታና ሰደዱት። ዕድሜው ገና 16 ዓመት ነበር።

አልተመለሰም። መጀመሪያ በግ ጥበቃ ተቀጠረ፤ በጎቹ ይበተኑበት ነበርና ሥራው አልዘለቀለትም። ከዚያ ጄክ ሁቨር የሚባል አዳኝ አስጠጋው። ሁለት ዓመት ያህል ከሁቨር ጋር በጁዲዝ ሸለቆ አካባቢ ተራራ ለተራራ እየዞረ የአውሬውን አካል፣ አረማመድና አወዳደቅ አጠና። ሌላው ሠዓሊ ከአካዳሚ የሚማረውን የአካል ትምህርት ራስል የተማረው ቆዳ በመግፈፍ ነው። በ1882 ደግሞ በዚያው ሸለቆ ከብት ከሚሰበስቡት ጋር በሌሊት ፈረስ ጠባቂነት ተቀጠረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሥራውን እንመልከት፤ ፊልሙ የደበቀን እሱን ነውና።

በዚያን ዘመን በሞንታና አጥር የለም። የከብት ባለቤቶች የሚባሉት ሰዎች አብዛኛውን መሬት አልገዙትም፤ የመንግሥት የሆነውን፣ አንዳንዴም ለሕንዶች ተከልሎ የተሰጠውን ሣር በነፃ ያስግጡ ነበር። የአንዱ ከብት ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ በጸደይ ሁሉም ባለከብቶች ሰዎቻቸውን አዋጥተው አገሩን ያስሳሉ። ከብቱ ከየሸለቆው ተነድቶ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥጃ የየትኛዋን ላም ጡት ተከትሎ እንደቆመ ይታይና በገመድ ተጠልፎ ይጣላል፤ የእናቱ ምልክት በጋለ ብረት ይተኮስበታል። በመኸር ደግሞ ለእርድ የደረሰው ሰንጋ እየተለየ ወደ ባቡር ጣቢያ ይነዳል። ከዚያ በፉርጎ ወደ ቺካጎ።

ይኼንን የሚሠሩት ሰዎች መሬት ላይ ተኝተው፣ ከአንድ የስንቅ ጋሪ ባቄላና ሥጋ እየበሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ኮርቻ ላይ የሚውሉ ነበሩ። አንዱ ሰው በየተራ የሚቀያይራቸው ስምንት ወይም አሥር ፈረሶች ይኖሩታል፤ ፈረሶቹ ግን የአሠሪው ናቸው። የሱ የራሱ ንብረት ብዙ ጊዜ ኮርቻውና የሚተኛበት ጥቅል ብቻ ነው። ደሞዙ በወር ከ30 እስከ 40 ዶላር ቢሆን ነው። ክረምት ሲገባ አብዛኛው ይሰናበታል፤ እስከ ጸደይ ድረስ ከብት እርባታ ለከብት እርባታ እየዞረ ለምሳ ለራቱ ያህል ጉልበቱን የሚሰጥ ብዙ ነበር። በ1883 በቴክሳስ ሰሜናዊ ክፍል ካውቦዮች የወር ደሞዛችን 50 ዶላር ይሁንልን ብለው ሥራ አቁመው ነበር። አልተሳካላቸውም፤ በምትካቸው ሌላ ሰው ተቀጠረ። ካውቦይ አድማ ሲመታ የሚያሳይ ፊልም ያየ ካለ ይንገረን!

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። ሥራው ከነመሣሪያው የመጣው ከሜክሲኮ ፈረሰኛ እረኞች ነው። የገመዱ፣ የኮርቻው፣ የመንጋው አጠራር ሳይቀር ከስፓኝ ቋንቋ የተወረሰ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ከአራት ካውቦዮች አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበረ ይገምታሉ፤ ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ የቴክሳስ ሰዎች ነበሩ። በነዚያ ሁሉ ፊልሞች ውስጥ ፊታቸውን አይተነው እናውቃለን?

ራስል የሌሊት ጠባቂ ነበር አልን። ሌሎቹ ሲተኙ እሱ ፈረሶቹን በጨለማ ሲጠብቅ ያድራል፤ ንጋት ላይ ያስረክባል። ይኼ የሥራ ክፍፍል ለሥዕሉ ጠቀመው። ቀን ቀን ሌላው በአቧራ ውስጥ ሲታገል፣ እሱ ትንሽ ሸለብ አድርጎት ይነሣና ቁጭ ብሎ ያያል። ፈረስ አልገራ ብሎ ጋላቢውን ሲጥል፣ ገመድ ሲጠለፍ፣ ወይፈን ሲያጠቃ ያያል፤ ይስላል። የውሃ ቀለሙንና ብሩሹን ከጥቅሉ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። በኪሱ ደግሞ ሁልጊዜ ሰም አይጠፋም፤ እያወራ በጣቶቹ ድብ ወይም ፈረስ ይሠራበታል። ጓደኞቹ ጥሩ ካውቦይ ነበር አይሉም፤ እሱም ነበርኩ አላለም። ጥሩ ወሬኛና ጥሩ ጓደኛ ነበር።

*

አሁን ወደ ክረምቱ እንምጣ።

ከ1880 በኋላ ባሉት ዓመታት የምዕራብ ከብት የወርቅ ማዕድን ያህል ይወራለት ነበር። ብሪስቢን የሚባል የጦር መኮንን በሜዳው ላይ በከብት እንዴት እንደሚከበር የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1881 አሳተመ። ከኒውዮርክ፣ ከለንደን፣ ከኤድንብራ ገንዘብ ጎረፈ። ላም ነክተው የማያውቁ ሰዎች የከብት ኩባንያ አክሲዮን ገዙ። ሂሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ሣሩ ነፃ ነው፤ ላሟ በየዓመቱ ትወልዳለች፤ እረኛው ርካሽ ነው። ከብቱ ሲሸጥ ሲለወጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ማንም ወጥቶ አይቆጥረውም ነበር። መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ይወሰዳል፤ በየዓመቱ ይወለዳል የተባለው ጥጃ ይደመርበታል፤ ይሸጣል። አምስት ሺህ ከተባለ አምስት ሺህ ነው።

ሜዳው ግን ባዶ ሆኖ የተገኘው እንዲያው በእግዜር ፈቃድ አልነበረም። ጎሾቹ ለቆዳቸው ተብለው ተጨርሰው ነው። የሰሜኑ የጎሽ መንጋ በ1883 ገደማ አለቀ ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት የሰሜን ፓስፊክ የባቡር ሐዲድ ከዳር እስከ ዳር ተገናኘ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ኑሯቸው በጎሽ ላይ የቆመው የብላክፊት ሕዝቦች በተከለለላቸው ምድር ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው በረሃብ አጡ። ሦስቱ ነገሮች የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። ከብቱ የገባው በጎሹና በሕንዱ ቦታ ነው።

በ1886 በጋው ደረቅ ሆነ። ሣሩ አስቀድሞ ከልክ በላይ በበዛ ከብት ተግጧል፤ የቀረውንም ሰደድ እሳት በላው። ኅዳር ላይ በረዶ ጀመረ። በጥር 1887 ከባዱ አውሎ ነፋስ መጣ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ደረሰ። በመካከል ትንሽ ሞቀና የበረዶው ፊት ቀለጠ፤ ወዲያው እንደገና ረግቶ እንደ መስታወት ጠነከረ። ጎሽ በጭንቅላቱ በረዶውን ጠርጎ ሣር ያገኛል፤ ፈረስም በሰኮናው ይጭራል። የቀንድ ከብት ይኼንን ብልሃት አያውቅበትም። በረዶው ቅርፊት እግሩን እየቆረጠው፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ገደል ወይም ወንዝ ሲያግደው እዚያው ይቆማል፤ ቆሞ ይሞታል። ድርቆሽ ያከማቸለት የለም። ሣሩ ነፃ ነው ተብሎ የለ!

ራስል በዚያ ክረምት ሥራ አልነበረውም። በጁዲዝ ሸለቆ አንድ የከብት እርባታ ቤት ውስጥ ከሌሎች ካውቦዮች ጋር ተጠግቶ ይከርም ነበር። የእርባታው ሰው ጄሲ ፌልፕስ ነው። በአካባቢው የሚሰማራ የአምስት ሺህ ከብት ባለቤቶች ደግሞ በሄለና ከተማ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሉዊስ ካውፍማን ይባላል። ካውፍማን «ከብቶቹ እንዴት ናቸው?» የሚል ደብዳቤ ላከ። ፌልፕስ መልስ ለመጻፍ ተቀመጠ። ምን ብሎ ይጻፍ? ያለውን ሁሉ የሚችል ቃል አላገኘም። ራስል በበኩሉ ከፖስታ ካርድ የማትበልጥ ወረቀት አንሥቶ በውሃ ቀለም አንድ ሥዕል ሠራ። ፌልፕስ ሥዕሏን አይቶ የራሱን ደብዳቤ ተወው ይባላል፤ ይቺ ትበቃለች ብሎ ሥዕሏን ላካት።

ሥዕሏ ላይ ያለው ይኼ ነው። በረዶ። ሰማዩም መሬቱም አንድ ዓይነት አመድማ። መሐል ላይ አንዲት ከሲታ ላም ቆማለች። ጀርባዋ ጎብጧል፤ የጎድን አጥንቶቿ ይቆጠራሉ፤ አንገቷ ወደ መሬት አዘንብሏል። የባለቤቱ ምልክት ቆዳዋ ላይ ተተኩሶ በግልጽ ይነበባል። ትንሽ ራቅ ብለው የተራቡ ተኩላዎች ይጠብቃሉ። አይቸኩሉም። ሰው የለም፤ ፈረስ የለም፤ ሽጉጥ የለም። ያ ሁሉ ነው።

አንደኛው ስሟ «ከአምስት ሺሁ የመጨረሻዋ» ነው። ሌላው፣ የበለጠ የታወቀው፣ «ቺኑክን በመጠባበቅ» ነው። ቺኑክ ከሮኪ ተራራዎች በስተምሥራቅ በክረምት ድንገት የሚነፍስ ሞቃት ደረቅ ነፋስ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ በረዶውን ያቀልጠዋል። ላሟ የምትጠብቀው እሱን ነው። ተኩላዎቹ የሚጠብቁት እሷን ነው። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ሥዕሉ አይናገርም።

ካውፍማን ሥዕሏን ለሰው አሳየ፤ በሄለና ታየች፤ ወሬዋ ተዛመተ። የ23 ዓመት ሊሆን ጥቂት የቀረው ሥራ ፈት ካውቦይ ስሙ ታወቀ። እኛ ግን ከዝናው ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ያስገርመናል። ይቺ ሥዕል ሲጀመር ለኤግዚቢሽን አልተሠራችም። ከሥራ ቦታ ለባለቤት የተላከች ሪፖርት ናት። ባለቤቱ ቁጥር ጠየቀ፤ በዚያ ሰዓት ቁጥሩን በእውነት የሚያውቅ ሰው በሞንታና ምድር አልነበረም፤ መዝገቡም ድሮውኑ ውሸት ነበር። እረኛው የመለሰው ያየውን ነው። አምስት ሺሁ መዝገብ ላይ ነበሩ፤ በረዶው ላይ ያለችው አንዲት ናት። አንድ የንግድ ሥርዓት እንዴት እንደተንኮታኮተ የሚያስረዱ ብዙ ገጾች ሊጻፉ ይችላሉ፤ ተጽፈዋልም። ያቺን የእጅ መዳፍ የምታህል ወረቀት ያህል ፈጥኖ የሚያስረዳ ግን አላገኘንም።

*

ጸደይ ሲመጣ በረዶው ቀለጠና ሬሳው ታየ። ወንዞቹ የሞተ ከብት እየተሸከሙ ወረዱ። በሞንታና ብዙ ባለከብቶች ከመንጋቸው ከግማሽ በላይ አጡ። በዋዮሚንግ ትልቅ የነበረው፣ በስኮትላንድ ገንዘብ የቆመው የስዋን ኩባንያ በ1887 ከሰረ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልትም በዳኮታ ያሠማራውን ከብት አብዛኛውን አጥቶ ከከብት ሥራ መውጣት ጀመረ። የተረፉት ባለከብቶች ትምህርት አገኙ፤ መሬት ያዙ፤ በ1874 የባለቤትነት መብት በወጣለት በእሾህ ሽቦ አጠሩት፤ ድርቆሽ ማጨድ ጀመሩ። ነገር ግን አጥር ካለ ብዙ ፈረሰኛ ምን ያደርጋል? ካውቦዩ ከኮርቻው ወርዶ ማጭድና ጉድጓድ መቆፈሪያ ያዘ፤ ወይም ተሰናበተ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው ዘመን እንዲህ አለቀ። ፊልሙ ግን መቶ ዓመት ሙሉ አላለቀም።

ራስል እስከ 1893 ድረስ በሥራው ቀጠለ። በ1888 ወደ ካናዳ ተሻግሮ ከብለድ ሕዝቦች ጎረቤት ጥቂት ወራት ኖረ፤ ኑሯቸውንና ወጋቸውን በአክብሮት ተማረ። በ1896 ናንሲ ኩፐርን አገባ። እሱ 32 ዓመቱ፣ እሷ 18። ናንሲ እናቷን በልጅነቷ ያጣች፣ በሰው ቤት እየሠራች ያደገች ልጅ ናት። ራስል እስከዚያ ድረስ ሥዕሉን ለጓደኛ በነፃ የሚሰጥ፣ ለመጠጥ ዋጋ የሚለውጥ ሰው ነበር። ናንሲ ይኼንን አቆመች። ዋጋ የምትጠራው እሷ ሆነች፤ ገዢው ሲሰማ ይደነግጣል፤ ባሏም ይደነግጣል፤ ይከፈላታል። በ1911 በኒውዮርክ፣ በ1914 በለንደን ሥዕሎቹን አሳየች። ድህነትን የምታውቅ ሴት ባትይዘው ኖሮ ያ ሁሉ ሥዕል በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በጭስ ጠቁሮ በቀረ ነበር እንላለን። የታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «ሚስቱ ትረዳው ነበር» ብለው ያልፏታል። ሥራውስ የሁለት ሰው ሥራ ነበር።

በ1903 ግሬት ፎልስ በሚባለው ከተማ ከቤቱ ጎን የሥዕል ቤት ሠራ። ግድግዳው ከስልክ እንጨት ነው። የስልክ ምሰሶ! አዲሱ ዘመን ለራሱ ባመጣው ግንድ የድሮውን ዘመን የሚያስታውስበት ጎጆ ቀለሰ። ዕድሜውን በሙሉ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሥራ ሠርቷል፤ ሥዕል፣ በነሐስ የሚወጣ ቅርፅ፣ በሥዕል ያጌጠ ደብዳቤ።

*

አሁን ደግሞ መደበቅ የሌለብንን እንናገር። የኒውዮርኩ ኤግዚቢሽን ርዕስ «ያለፈው ምዕራብ» የሚል ነበር። ገዢው የሚፈልገው ያለፈውን ነው፤ ያለፈ ነገር አይከራከርምና። ራስልም ከሚያውቀው ሥራ ጎን ለጎን ገበያው የሚወድለትን ሠራ። በ1908 ካውቦዮች ሲታኮሱ ሣለ፤ በ1909 «ሳያንኳኩ መግባት» በሚለው ሥዕል ፈረሰኞች እየተኮሱ ከነፈረሳቸው መጠጥ ቤት ሲጥሱ አሳየ። ሥዕሎቹ ድንቅ ናቸው፤ ፈረሶቹ ከሸራው ዘለው የሚወጡ ይመስላሉ። ግን አንድ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያየው ተኩስ ነው ወይስ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭቃና ባቄላ? በኋለኛው ዕድሜው ክረምቱን ካሊፎርኒያ ያሳልፍ ነበር። ዊልያም ኤስ. ሃርትን የመሰሉ የካውቦይ ፊልም ተዋንያን ጓደኞቹ ነበሩ። እኛ በልጅነታችን በጣታችን የተኮስነው ሽጉጥ በተዘዋዋሪ ከሱ ብሩሽም ደርሶናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሰውየው እዚያ ላይ ብቻ አልቀረም። በ1912 በሄለና ለሞንታና የተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ ትልቅ ሥዕል ሠራ፤ ዋጋው 5,000 ዶላር ነው። ርዕሱ ሉዊስና ክላርክ የተባሉት የመንግሥት መልእክተኞች በ1805 በቢተርሩት ሸለቆ ራስ ከሳሊሽ ሕዝቦች ጋር ሲገናኙ ነው። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ሁለቱን ነጮች ባንዲራ አስይዞ መሐል ያቆማቸው ነበር። ራስል መሐሉንና ፊቱን ለሳሊሽ ፈረሰኞች ሰጠው፤ ፈረሶቹ ሲዞሩ ሥዕሉን ይሞሉታል። መልእክተኞቹ ራቅ ብለው በዳር በኩል ትንንሽ ሆነው ቆመዋል። ሳሊሾቹ በዚያን ቀን እንግዳ ተቀብለው ፈረስ ሸጠውላቸዋል። ሥዕሉ ከመሠራቱ 21 ዓመት በፊት፣ በ1891፣ የነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ከአለቃቸው ከቻርሎ ጋር ከቢተርሩት ሸለቆ ወጥተው በወታደር ታጅበው ወደ ተከለለላቸው ምድር ተወስደዋል። የሞንታና እንደራሴዎች ዛሬም ሕግ የሚያወጡት ከአፈ ጉባኤው ወንበር በስተኋላ ያ ሥዕል ተሰቅሎ ነው። ቀና ባሉ ቁጥር ባለቤቱን ያዩታል።

ሥዕል ብቻም አልነበረም። በሞንታና ከተሞች ዳር መሬት አልባ ሆነው ይንከራተቱ ለነበሩት የቺፔዋና የክሪ ሰዎች ከጓደኛው ከደራሲው ከፍራንክ ሊንደርማን ጋር ሆኖ ተከራከረ። በ1916 «ሮኪ ቦይ» የተባለው ክልል ተሰጣቸው። ትንሽ ነው፤ ጠፍ ነው፤ ግን ተሰጣቸው። በ1920ዎቹም በግሬት ፎልስ «አቅኚ» እየተባለ በተወደሰበት አንድ ስብሰባ ላይ የተዘጋጀለትን ንግግር ትቶ፣ አቅኚ የምትሉት እኮ ሣሩን ያጠፋ፣ አውሬውን የጨረሰ፣ ዛፉን የቆረጠ፣ ሽቦ የዘረጋ ሰው ነው የሚል አሳብ ተናገረ። ጭብጨባው ምን ያህል እንደነበር መገመት አይከብድም።

በ1925፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የሠራት ሥዕል ደግሞ አለች፤ «ሣቅ ብቸኝነትን ይገድላል» ትባላለች። ሌሊት ነው። ከስንቅ ጋሪው አጠገብ እሳት ይነዳል። ጥቂት ካውቦዮች እሳቱን ከበው ይሣሣቃሉ። ከሰማይ ጨረቃ አለች። በቀኝ በኩል ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ የቆመው ራሱ ራስል ነው፤ ወጣት ሆኖ። ማንም አይተኩስም። የድካም ቀን አልቋል፤ ወሬ ነው ያለው። እኛ ይቺን ሥዕል ከነዚያ ሁሉ የመጠጥ ቤት ተኩሶች እናስበልጣታለን። ገበያው እንዲያ ቢገፋውም ሰውየው በመጨረሻ ዞሮ የተቀመጠው የሥራ ጓደኞቹ መካከል ነው።

በጥቅምት 24 ቀን 1926 በግሬት ፎልስ አረፈ። አስከሬኑ የሄደው በመኪና አልነበረም፤ ፈረስ በሚስበው ሠረገላ ነው።

*

በ2005 ከሥዕሎቹ አንዱ በጨረታ 5.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እስቲ በወር 40 ዶላር አስልተን እንይ፤ የአንድ ካውቦይ የ140,000 ወር ደሞዝ ማለት ነው። ከአሥራ አንድ ሺህ ዓመት በላይ ይሆናል። የእረኛው ሥዕል ከእረኛው ድካም ይኼን ያህል ይበልጣል። ይኼ ሂሳብ ሠዓሊውን ለመውቀስ አይደለም፤ በሕይወት እያለ እንዲህ ያለ ገንዘብ አላየም። ግን አንድ ነገር ያስታውሰናል፤ ሰውን ካስወጡት በኋላ ምስሉን መውደድ ቀላል ነው። ጎሹን ጨርሰው በገንዘባቸው ላይ አተሙት። ሕንዱን አስለቅቀው አዳራሻቸው ላይ ሰቀሉት። ካውቦዩን አሰናብተው ፊልም ሠሩለት።

ስለዚህ ስለ ራስል ስናስብ እኛ የምንመለሰው ወደዚያች ትንሽ ወረቀት ነው። የተሠራችው ናፍቆት ገና ሳይጀምር፣ በረዶው ከደጅ እያለ ነው። የሠራት ሰው ላሟ የሱ አይደለችም፤ ቢተርፉም ቢያልቁም ደሞዙ ያው ነው፤ ያውም በዚያ ክረምት ደሞዝም አልነበረውም። ከሩቅ ከተማ ሂሳብ ሲጠየቅ ግን ባለቤቱን ደስ የሚያሰኝ ነገር አልፈጠረም፤ የሚያስለቅስም ነገር አልጨመረበትም። ያየውን ላከ።

እኛም ነገ ከነገ ወዲያ ወደየሥራው እንበተናለን። ከሩቅ ቢሮ «እንዴት ነው?» የሚል ደብዳቤ ለኛም ይመጣል፤ መዝገቡም ላይ አምስት ሺህ የሚል ቁጥር ተጽፎ እናገኛለን። ያን ቀን ምን እንደምንመልስ ከአሁኑ ብንነጋገርበት አይከፋም።